ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ለማየት የስኩባ ጉዞ አዘገጃጀት፦ ከሌምቤ ሰርጥ አንጻር

የስኩባ ፈቃድ ካወጡ ሰዎች ደጋግሞ የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፎቶ ላይ የምናያቸውን ትንንሽ ጉዶች፣ ፀጉራሙን ዓሣ፣ ከጥፍር የማይበልጠውን የባሕር ፈረስ፣ መልኩን የሚለዋውጠውን ኦክቶፐስ ለማየት የት እንሂድ? ምን እንያዝ?» ለእያንዳንዱ ጠያቂ እየቆራረጥን ከምንመልስ ከቦታ መረጣ እስከ መመለሻው በረራ ድረስ በቅደም ተከተል ጽፈነዋል። ምሳሌ አድርገን የወሰድነው ኢንዶኔዥያ፣ ሰሜን ሱላዌሲ የሚገኘውን የሌምቤ ሰርጥ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጠለቃ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነውና። መመሪያው ቢያንስ ኦፕን ዋተር የሚባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ ላላቸው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ሻርክና ማንታ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ብዙ ቦታ ማዳረስ ያዋጣዋል። የጥቃቅኑ ጉዞ የሚሳካው ግን በዝግታ ነው፦ አንድ ቦታ፣ ብዙ ቀን፣ ጥሩ አስጎብኚ፣ በአንድ ሰዓት ጠለቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ መቶ ሜትር የማይሞላ መንገድ። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ነው።

1. ቦታውን ይምረጡ

ሌምቤ በሱላዌሲ ዋና መሬትና በሌምቤ ደሴት መካከል ያለ፣ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ ውኃ ነው። የቢቱንግ ወደብ ዳሩ ላይ አለ። ወለሉ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የመጣ ጥቁር አሸዋ ነው። ኮራሉ ጥቂት ስለሆነ መደበቂያ ብርቅ ነው፤ በዚህ ምክንያት እዚያ የሚኖር ፍጥረት ወይ አሸዋውን ይመስላል፣ ወይ አሸዋው ውስጥ ይቀበራል፣ ወይ ደግሞ የተጣለ ጠርሙስና የኮኮናት ቅርፊት ቤቱ ያደርጋል። ይህ ለጠላቂው ጥቅም ነው። ሰፊ ባዶ አሸዋ ላይ መፈለጊያው ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ አስጎብኚው ከአንዱ ጠርሙስ ወደ አንዱ ስፖንጅ እያለ በአንድ ጠለቃ ብዙ ነገር ያሳያል።

ውኃው ግን ጥርት ያለ አይደለም፤ ብዙ ቀን ከ5 እስከ 15 ሜትር ቢያዩ ነው። ቆሻሻም ያያሉ። አብሮዎት የሚሄደው ሰው ውብ ኮራልና የባሕር ኤሊ የሚፈልግ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩት፣ ወይም ጉዞውን ከፍለው መጀመሪያ ማናዶ ፊት ለፊት ባለው የቡናከን ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ሁለት ቀን ያሳልፉ።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። ፊሊፒንስ ውስጥ አኒላኦ ከማኒላ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ስለሆነ የአገር ውስጥ በረራ አያስፈልግም፤ ኑዲብራንክ የሚባሉት ዛጎል አልባ ባለ ቀለም ቀንድ አውጣዎች በብዛት የሚታዩበት ነው። ዱማጌቴ አጠገብ ያለው ዳውይን ከባሕሩ ዳርቻ በእግር ገብተው የሚጠልቁበት ቦታ አለው። ባሊ ውስጥ ቱላምቤን ለጀማሪ ይመቻል። በእስራኤል ፓስፖርት የሚጓዙ ከሆነ ፊሊፒንስ ይቀላል፦ ኢንዶኔዥያ ከእስራኤል ጋር ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት ስለሌላት የቪዛው ጉዳይ ውስብስብ ነው፣ ፊሊፒንስ ግን ለእስራኤላውያን 59 ቀን ያለ ቪዛ ትፈቅዳለች።

የትኛውንም ይምረጡ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ አይሞክሩ። በአውሮፕላን በተዘዋወሩ ቁጥር ከጠለቃ በኋላ ካለመብረር ሕግ ጋር ተደምሮ ወደ ሁለት ቀን ይባክናል። 7 ሌሊት አድረው 6 ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ ቢጠልቁ ልኩ ነው።

2. ጊዜውን ይወስኑ

ሌምቤ ዓመቱን ሙሉ ይጠለቃል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግን ውኃው ወደ 25 እና 26 ዲግሪ ይወርዳል፣ ፍጥረቱም ይበዛል፤ ፎቶ አንሺዎች የሚመርጡት ይህንን ወቅት ነው። በሌላው ጊዜ ሙቀቱ 27 እና 28 ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝናብ ይበዛል፤ ጠለቃውን ባያስቀርም ጀልባ ላይ መቀመጡን ያከብደዋል።

ዋናው ወቅት የአውሮፓ ዕረፍት ጋር ስለሚገጥም ክፍል ከ6 እስከ 9 ወር ቀድመው ያስይዙ። ለጿሚ ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያለው ፍልሰታ እዚሁ ላይ ያርፋል። ሲያስይዙ ይንገሩ፦ ከአኩሪ አተር የሚሠሩት ቴምፔ እና ቶፉ በየቤቱ ስላሉ የጾም ምግብ ችግር አይሆንም፤ ነገር ግን ድልሁ ውስጥ ተራሲ የሚባል የሽሪምፕ ብስባሽ ስለሚገባ «ያለ ተራሲ፣ ያለ እንቁላል» ብለው ለይተው ማዘዝ አለብዎ። ውኃ ሳይጠጡና ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየዋሉ መጥለቅ ግን አይሆንም። የሰውነት ውኃ ማነስ ለዲኮምፕሬሽን ሕመም፣ ማለትም ከጥልቀት ሲወጡ ሰውነት ውስጥ በሚፈጠር የጋዝ አረፋ ለሚመጣው ሕመም፣ ያጋልጣል።

3. ብቃትዎን ይፈትሹ

ጥቃቅኑን ለማየት ትልቁ ችሎታ ሳይነኩ መቆም ነው። ከመሄድዎ በፊት እነዚህን በማንኛውም ውኃ ውስጥ ይሞክሩ፦

- ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ በትንፋሽ ብቻ 3 ደቂቃ መቆም።
- እንደ እንቁራሪት እግርን ወደ ጎን ከፍቶ መግፋት። እግርን ወደ ላይና ወደ ታች ማርገብገብ ደቃቁን አሸዋ ያነሳዋል፤ አንዴ ከተነሳ ለደቂቃዎች አይረጋም፣ ከኋላ ያለው ሰው ምንም አያይም።
- ሳይዞሩ ወደ ኋላ መሄድ። አሸዋ ላይ ተጠግተው ሲያዩ ቆይተው ከዚያ የሚወጡት በዚህ ነው።
- በአንድ ታንክ፣ 15 ሜትር ላይ፣ 60 ደቂቃ መቆየትና ታንኩ ውስጥ 50 ባር የአየር ግፊት አስቀርቶ መውጣት።

ልምምዱን ለማድረግ ከአዲስ አበባ ቅርቡ ባሕር ጅቡቲ ነው። ኤምሬትስ ያላችሁ ፉጃይራ፣ እስራኤል ያላችሁ ኤላት አላችሁ።

ሁለት ተጨማሪ ኮርስ ዋጋውን ያወጣል። አንደኛው አድቫንስድ የሚባለው ቀጣዩ ደረጃ ነው፦ ኦፕን ዋተር 18 ሜትር ላይ ያቆምዎታል፣ ድንክየዋ የባሕር ፈረስ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው የምትገኘው። ሁለተኛው ናይትሮክስ ነው፤ ኦክስጅኑ ከተራ አየር የበዛ የመተንፈሻ ጋዝ ነው። በተራ አየር 22 ሜትር ላይ ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት ሰንጠረዥ ለመጀመሪያ ጠለቃ የሚፈቅደው 37 ደቂቃ ነው፤ አንዲት ፈረስ ለማግኘትና ለማንሳት ብቻ ሩብ ሰዓት ሊሄድ ይችላል። 32 በመቶ ኦክስጅን ያለው ናይትሮክስ ጊዜውን ያራዝመዋል። በምትኩ ጥልቀቱን ይገድባል፦ ከ33 ሜትር በታች አይወረድበትም፣ ኦክስጅኑ ራሱ መርዝ ይሆናልና። ታንኩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ራስዎ ለክተው፣ ቁጥሩን ኮምፒውተርዎ ላይ አስገብተው ይግቡ።

ከጠለቁ ከ6 ወር በላይ ከሆነዎ የመጀመሪያውን ጠለቃ ለማስታወሻ ልምምድ ይመድቡ። ካሜራ ይዘው አይግቡ።

4. ሰነድና ትኬት

*ፓስፖርትና ቪዛ።* ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ ይሁን። የአሜሪካና የአብዛኛው አውሮፓ ፓስፖርት ያላቸው ሲደርሱ የሚሰጠውን የ30 ቀን ቪዛ በ500,000 ሩፒያ ያገኛሉ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የኢንዶኔዥያን ኤምባሲ ወይም የመንግሥቱን የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ገጽ አይተው ቪዛውን በእጃቸው ያስገቡ። መኖሪያ ፈቃድዎ የባሕረ ሰላጤው አገር ቢሆንም የሚታየው ፓስፖርቱ ነው።

*ቢጫ ካርድ።* ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች፣ ከዚህ ተነስቶ ኢንዶኔዥያም ሆነ ፊሊፒንስ የሚገባ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በመጨረሻው ሳምንት የሚሮጥ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

*ወባ።* መከላከያ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ጠላቂ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ማዞርና መደናገር ሊያመጣ ስለሚችል ከዲኮምፕሬሽን ሕመም ጋር ይምታታል።

*መንገዱ።* መድረሻው የማናዶ ሳም ራቱላንጊ አየር ማረፊያ ነው። ከአዲስ አበባ በሲንጋፖር ወይም በጃካርታ በኩል ይደርሳሉ፤ ከሁለቱም እስከ ማናዶ ከሦስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ በረራ ነው። ከማናዶ ቢቱንግ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከዚያ አጭር የጀልባ ጉዞ። ሁለቱን በረራዎች በተለያየ ትኬት ከቆረጡ ሻንጣዎ በቀጥታ አይተላለፍም፦ ራስዎ ተቀብለው፣ ኢሚግሬሽን አልፈው እንደገና ያስረክባሉ። መሸጋገሪያው ላይ አንድ ሌሊት ማደር ከሁሉ የረከሰ ዋስትና ነው።

*ኪሎ።* ከአዲስ አበባ ይዘውት የወጡት ሁለት ሻንጣ የአገር ውስጥ በረራ ላይ 20 ኪሎ ብቻ ሊፈቀድለት ይችላል። ተጨማሪውን ኪሎ በኢንተርኔት አስቀድመው ይግዙ። የካሜራና የቶርች ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ፤ ቶርቹን ባትሪውን ነቅለው ያሽጉት፣ ሻንጣ ውስጥ በስህተት ከበራ ይጋያል።

*ኢንሹራንስ።* ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ስኩባን አይሸፍንም። እንደ ዳን ያለ የጠላቂዎች ኢንሹራንስ ይግዙ፤ የግፊት ክፍል (የዲኮምፕሬሽን ሕመም የሚታከምበት ክፍል) ሕክምናንና የአየር ማመላለሻን በግልጽ መሸፈኑን ያንብቡ።

5. ማዕከሉን ጠይቀው ይምረጡ

የጉዞው ውጤት በሆቴሉ አልጋ ሳይሆን በአስጎብኚው ዓይን ይወሰናል። ገንዘብ ከማስተላለፍዎ በፊት በኢሜይል እነዚህን ይጠይቁ፦

1. አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይይዛል? ከ4 በላይ ከሆነ ይለፉት። ካሜራ ለያዘ ሰው 2 ይሻላል፦ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል፣ አራት ሲሆኑ አራተኛው ሲደርሰው ኦክቶፐሱ ሄዷል።
2. ሳምንቱን ሙሉ አንድ አስጎብኚ ይሰጡኛል? የትናንቱን የሚያውቅ ሰው የዛሬውን አይደግምብዎትም።
3. አንድ ጠለቃ ስንት ደቂቃ ነው? 60 እና ከዚያ በላይ ይሁን።
4. ናይትሮክስ በዋጋው ውስጥ አለ ወይስ ለብቻ ይከፈላል?
5. የካሜራ ክፍል፣ ማጠቢያ በርሜል እና ኦክስጅን በጀልባው ላይ አለ?
6. ቅርቡ የሚሠራ የግፊት ክፍል የት ነው?

ለመጨረሻው ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ ያልቻለ ማዕከል ጋር አይጥለቁ።

6. ዕቃዎን ያሰናዱ

- 5 ሚሊ ሜትር ዌትሱት እና የራስ ሽፋን። «ሐሩር ባሕር ነው፣ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል» የሚለው ለሚዋኝ ሰው ነው። 70 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሰው 26 ዲግሪ ውስጥም ይንቀጠቀጣል፤ የበረደው ሰው ደግሞ አየር ቶሎ ይጨርሳል።
- ልክዎ የሆነ ማስክ። ዕድሜዎ ከ40 ካለፈና ስልክ ሲያነቡ የሚያርቁት ከሆነ ማስኩ ታች የሚለጠፍ ማጉያ ሌንስ ይግዙ። ብዙ ሰው «ምንም አላየሁም» እያለ የሚመለሰው በዚህች ነው።
- የራስዎ ዳይቭ ኮምፒውተር፣ ከነመለዋወጫ ባትሪው።
- ሁለት ቶርች። አንዱ ቀይ ብርሃን ያለው ቢሆን ለማታ ጠለቃ ይጠቅማል።
- ወደ ላይ ሲወጡ የሚለቁት ምልክት ፊኛ፣ ከነክሩ። ሰርጡ የወደብ መንገድ ስለሆነ ጀልባ ይበዛል።
- ማጉያ መነጽር፣ በገመድ የታሰረ።
- መለዋወጫ ኦሪንግ (ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋ የጎማ ቀለበት)፣ የሲሊኮን ቅባት፣ ሲሊካ ጄል።
- የጆሮ ጠብታ፣ የጀልባ ማቅለሽለሽ ክኒን፣ የንፋስ ጃኬት።
- የፈቃድ ካርድ፣ የጠለቃ መዝገብ፣ የኢንሹራንስ ቁጥር፤ ሁሉም በስልክዎም ፎቶ ይኑረው።
- ከአሜሪካ ለሚመጡ የመሰኪያ መቀየሪያ። ኢንዶኔዥያ ሁለት ክብ እግር ያለው መሰኪያና 230 ቮልት ነው የምትጠቀመው።

ጓንት አይያዙ። ብዙ ማዕከሎች ይከለክሉታል፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ያለ ሐሳብ ይነካል፣ ይይዛል።

የሚታጠቁትን ክብደት በተመለከተ፦ ወለል ላይ ለመረጋጋት ከተለመደው 1 ኪሎ መጨመር በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አየር የሚሞላው የጠላቂ ጃኬት፣ ቢሲዲው፣ ውስጥ ብዙ አየር ማስገባት ግድ ይሆናል፣ እግር ወደ ታች ይዘቀዘቃል፣ እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ፣ ፊኑ፣ አሸዋውን ያርሰዋል።

7. ካሜራ ካለዎት

ለጀማሪ ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ወይም ቲጂ-7 ይበቃል፤ ማይክሮስኮፕ የሚባለው አሠራሩ በጣም ተጠግቶ ያነሳል። ካሜራው ብቻውን እስከ 15 ሜትር ነው የሚችለው፣ ስለዚህ የውኃ መከላከያ ሳጥኑን መግዛት ግዴታ ነው። ሌንስ የሚቀየርበት ካሜራ ከያዙ በ60 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ይጀምሩ። 100 እና 105 ሚሊ ሜትር ሌንስ ራቅ ብሎ ማንሳት ቢያስችልም፣ ውኃው ደብዘዝ ሲል በመካከል ያለው ቅንጣት ሁሉ ፎቶው ላይ ይወጣል።

መነሻ ልኬት በውኃ ውስጥ ፍላሽ፦ አይኤስኦ 100 ወይም 200፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/200፣ ቀዳዳው ከኤፍ 11 እስከ ኤፍ 16። ፍላሹን ከሌንሱ ጎን ወደ ውጭ ትንሽ ያዙሩት፤ ቀጥታ ወደ ፊት ከሆነ ውኃው ውስጥ ያለውን ደቃቅ ያበራና ፎቶው በረዶ የዘነበበት ይመስላል። ትኩረቱ ዓይኑ ላይ ይሁን። ዓይን የደበዘዘበት ፎቶ ሌላው ሁሉ ቢጠራ አይድንም።

ሳጥኑን የሚዘጉት ጠዋት በጥድፊያ ሳይሆን ማታ ክፍልዎ ውስጥ ነው። ኦሪንጉን አውጥተው በብርሃን ይዩት፣ አንድ ፀጉር ወይም አንድ የአሸዋ ቅንጣት ካለ ውኃ ያስገባል። ቅባቱ ስስ ይሁን፣ ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል። ከዚያ ካሜራው ሳይገባ ባዶውን ሳጥን በመጀመሪያው ጠለቃ ይዘውት ይውረዱ፤ ደርቆ ከወጣ አምነው ካሜራውን ያስገቡ።

8. ውኃ ውስጥ እንዴት ይፈለጋል?

ፍጥረቱን ሳይሆን ቤቱን ይፈልጉ። ትናንሾቹ አብዛኞቹ ሌላ ፍጥረት ላይ ነው የሚኖሩት፦

- ሙሪሴላ የተባለ ማራገቢያ የመሰለ ኮራል፦ ድንክዬ የባሕር ፈረስ።
- የባሕር ዱባ ሆድና ጀርባ፦ ኢምፐረር ሽሪምፕ።
- አበባ የመሰለው አኒሞን፦ ፖርሰሊን ሸርጣንና ብርሃን የሚያሳልፍ ሽሪምፕ።
- ላባ የመሰለው ክራይኖይድ፦ ጎስት ፓይፕፊሽ፣ ብዙ ጊዜ ተዘቅዝቃ።
- የባሕር ኮከብ፦ ሃርለኩዊን ሽሪምፕ። ኮከቡን እየበላው ነው የሚኖረው።
- ፋየር ኧርቺን የሚባለው መርዛማ የባሕር ጃርት፦ ኮልማን ሽሪምፕ በጥንድ።
- ጠርሙስና የኮኮናት ቅርፊት፦ ኮኮናት ኦክቶፐስ፣ እንቁላሉን የሚጠብቅ ትንሽ ጎቢ።

ባርጊባንቲ የምትባለው ድንክዬ የባሕር ፈረስ ርዝመቷ ከ2.4 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። አስጎብኚው በዘንጉ ጫፍ ኮራሉን ሲያመለክት መጀመሪያ የሚታይዎ ሐምራዊ ቅርንጫፍና ቀያይ እብጠቶች ብቻ ናቸው። የእሷም ገላ እንደዚያው ነው፣ እብጠቱ ጭምር። የሚያጋልጣት ጅራቷ ነው፦ ቅርንጫፉ ላይ የተጠመጠመ ቀለበት ካዩ ከዚያ ወደ ላይ ይከተሉ፣ አፍንጫዋና ጥቁር ነጥብ የምታህል ዓይኗ ይገኛል። ልክ ሲያገኟት ጀርባዋን ትሰጣለች። ኮራሉን አያናውጡ፣ ውኃ አያርገብግቡባት፤ ቢጠብቁ ራሷ ትዞራለች። ዓሣ የዓይን ቆብ ስለሌለው ፍላሹን መሸሸግ አትችልም፤ ለአንዲት ፈረስ ከ5 ፎቶ አይለፉ።

ፀጉራሙ ፍሮግፊሽ ደግሞ አልጌ የያዘ ድንጋይ ይመስላል፣ ይራመዳል እንጂ እምብዛም አይዋኝም። ወደ ላይ የዞረ አፍና ከግንባሩ የሚወጣ ማጥመጃ ዘንግ ይፈልጉ። ሌምቤ ላይ በተለይ «ሄርቦል» የሚባለው ቦታ የሚታወቀው በእሱ ነው።

ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። ባለ ብዙ ቀለሙ ማንዳሪን ፊሽ የሚጋባው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ሌምቤ ላይ ይህ ወደ ምሽቱ 11 ሰዓት ከሩብ እስከ 12 ሰዓት ነው። ከ20 ደቂቃ ቀድመው ደርሰው፣ ነጭ ቶርች አጥፍተው፣ በቀይ ብርሃን ይጠብቁ። ነጭ ብርሃን ካዩ ኮራሉ ውስጥ ገብተው ይቀራሉ። ቦቢት የሚባለውን አሸዋ ውስጥ የሚቀበር አዳኝ ትልና ብዙዎቹን ኦክቶፐሶች ለማየት ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይጥለቁ።

የሚፈልጉትን ከ5 በማይበልጥ ዝርዝር፣ ፎቶውን ስልክዎ ላይ ይዘው፣ በመጀመሪያው ማታ ለአስጎብኚው ያሳዩት። ሃያ ነገር የዘረዘረ ሰው ምንም እንዳልመረጠ ይቆጠራል። በተጨማሪ «አትንካ፣ አታንቀሳቅስልኝ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። አንዳንድ አስጎብኚ እንግዳውን ለማስደሰት ብሎ ፍጥረቱን በዘንግ ይገፋል፤ የተጨነቀ ኦክቶፐስ ቀለሙን ይቀይራል፣ ፎቶው ያምራል፣ እንስሳው ግን ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ለአዳኝም ይጋለጣል። እንግዳው ካልፈለገ አስጎብኚው አያደርገውም።

9. ማስጠንቀቂያ

⚠ *ባለ ሰማያዊ ቀለበት ኦክቶፐስ።* ከእጅ መዳፍ ያንሳል። ቀለበቶቹ ደምቀው ካበሩ ተቆጥቷል ማለት ነው፣ ወደ ኋላ ይበሉ። ንክሻው ላያም ይችላል፤ መርዙ ቴትሮዶቶክሲን መተንፈሻ ጡንቻን ያዝላል፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። የተነከሰ ሰው የሚተርፈው ሆስፒታል እስኪደርስ ሌላ ሰው ካስተነፈሰው ነው።

⚠ *የድንጋይ ዓሣና ጊንጥ ዓሣ።* አሸዋው ላይ ጉልበትዎን ወይም እጅዎን ከማሳረፍዎ በፊት ሁለት ጊዜ ይዩ፤ የሚሻለው ጨርሶ አለማሳረፍ ነው። ከተወጉ ቁስሉን ቆዳ በማያቃጥል ልክ በሞቀ ውኃ፣ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፣ ከዚያ ሐኪም ዘንድ። ሙቀቱን በተወጋው እጅ አይለኩ፣ ደንዝዞ ስለሚሆን ይቃጠላሉ፤ በጤነኛው ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለካ።

⚠ *ኮን የሚባሉት ሾጣጣ ዛጎሎች።* ቢያምሩም አያንሱ። ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ በመርዝ መርፌ ይወጋል።

⚠ *የአየር መለኪያው።* ዓይን ትንሽ ነገር ላይ ሲተከል ሰዓትም አየርም ይረሳል። በየ5 ደቂቃው መለኪያውን የማየት ልማድ ያውጡ፤ ካሜራ ከያዙ በየ10 ፎቶው።

10. የመጨረሻው ቀን

ብዙ ቀን በተከታታይ ከጠለቁ በኋላ ከመብረርዎ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆዩ። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ከሆነ 24 ያድርጉት፦ የአውሮፕላን ጓዳ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው አየር ሊሳሳ ይችላል፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ የወረደ ሰው እዚያ ሲደርስ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይመለሳል፤ ቦሌ የወረደ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚያርፍ ሰውነቱ ከአውሮፕላኑ እንዳልወረደ ነው።

በዚያች ባዶ ቀን ደግሞ ወደ ቶሞሆን ደጋ፣ ወደ ማሃውና ሎኮን እሳተ ገሞራዎች የሚወስድ ጉብኝት ይሸጥልዎታል። ተራራ መውጣት እንደ መብረር ነው የሚቆጠረው፣ ይተዉት። በምትኩ ቢቱንግ አጠገብ ታንግኮኮ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ አለ፤ ጥቁሩን የሱላዌሲ ዝንጀሮና ማታ የሚወጣውን ትንሹን ታርሲየር በዝቅተኛው ደን ያሳያሉ። ዌትሱትና ቢሲዲው በዚያው ቀን ይደርቃል፤ እርጥብ ዕቃ ሁለት ሦስት ኪሎ ይጨምራል።

ብዙ ሰው የሚስትባቸው

*በመጀመሪያው ቀን አራት ጠለቃ።* ከረጅም በረራ የመጣ ሰው ደክሞታል፣ ውኃም ጎድሎታል። የመጀመሪያውን ቀን በሁለት ይጀምሩ።

*ከአስጎብኚው ቀድሞ መሄድ።* እሱ የተሻገረውን አሸዋ አንብቦታል፣ እርስዎ ያላነበበውን ያደፈርሳሉ።

*ያገኘውን ከብቦ መቆም።* አንድ ሰው ተጠግቶ ሲያይ ሌላው ከላይ ቢያንዣብብ የሚወጣው አረፋና የሚወርደው አሸዋ ሁለቱንም ያከስራቸዋል። ሁለት ሜትር ራቅ ብለው፣ ተራዎን በፍለጋ ያሳልፉ።

*የተበደሩትን ፊን ማመን።* የኪራይ ፊን ልክ ካልሆነ የእንቁራሪት ምቱ አይሠራም። አንድ ዕቃ ብቻ ይዘው መሄድ ከቻሉ ማስኩን፣ ሁለት ከቻሉ ፊኑን ይጨምሩ።

*ምልክትን በድካም ማሳበብ።* ከጠለቃ በኋላ በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ የቆዳ መዥጎርጎር ወይም ያልተለመደ ድካም ከመጣ «ሻንጣ ስለተሸከምኩ ነው» ብለው አያልፉት። መሸጋገሪያ ላይ ከሆኑ ቀጣዩን በረራ አይሳፈሩ፣ ኦክስጅን ይጠይቁ፣ ኢንሹራንሱ ካርድ ላይ ያለውን የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥር ደውለው ምን ያህል ጊዜ፣ ምን ያህል ጥልቀት እንደጠለቁ ከኮምፒውተርዎ ያንብቡላቸው።